ግሪን ካርድ ይዞ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ መጥራት፦ ፈቃዱ፣ ንግግሩ፣ ገንዘቡ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አገር ቤት ባለው ሁኔታ ላይ ላፋዬት ፓርክ ሰልፍ ለመጥራት ኮሚቴ አቋቁመናል፤ 300 ሰው ያህል ይመጣል ብለን እንገምታለን። ከዚያ በእግር ወደ ስቴት ዲፓርትመንት እንሄዳለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ኤምባሲው ፊት ለመቆም አስበናል። እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ከኮሚቴው ሁለቱ ገና አሳይለም (ጥገኝነት) ጠባቂዎች ናቸው። ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው? መድረክ ላይ ብናገር ወረቀቴ ላይ ችግር ያመጣብኛል? ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ሰልፉን ቢያስተዋውቁስ? እዚያው ገንዘብ ብናሰባስብስ?»

መልስ፦

ጥያቄዎ ሲታይ ብዙ ነው፤ ሲጠቀለል ግን ሁለት ነው። አንዱ ስለ ሰልፉ ነው። ይህኛው ቀላል ነው፤ ደንቡ ከሰዓቱ እስከ ሰሌዳው ውፍረት ድረስ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለተኛው ስለ እርስዎና ስለ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች የሚፈሩት ማይክሮፎኑን ነው። በተግባር ግን የስደተኛን ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሹት የእስር መዝገብ፣ የሰጠው ገንዘብና ሳያነብ የፈረመው ቅጽ ናቸው።

መሠረቱን በአጭሩ እንየው። በ1791 የጸደቀው የመጀመሪያው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በአንድ ዓረፍተ ነገር አምስት ነገር ይጠብቃል፤ ሃይማኖትን፣ ንግግርን፣ ፕሬስን፣ በሰላም መሰብሰብንና ለመንግሥት አቤቱታ ማቅረብን። መሰብሰብንና አቤቱታን የሰጠው «ለሕዝቡ» ነው፤ «ለዜጎች» አይልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1945 «ብሪጅስ እና ዊክሰን» በተባለው መዝገብ፣ አገሪቱ ውስጥ የሚኖር የውጭ ዜጋ የንግግርና የፕሬስ ነፃነት እንዳለው ተናግሯል። ስለዚህ ሰልፍ መጥራትዎም፣ መድረክ ላይ መቆምዎም መብትዎ ነው። መንግሥት ሊወስን የሚችለው ሰዓቱን፣ ቦታውንና አኳኋኑን ነው፤ ያውም የምትሉትን አይቶ ሳይሆን ለሁሉም እኩል በሆነ ደንብ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ መሬቱ የማን እንደሆነ ይለዩ። ዋሽንግተን ውስጥ አንዱን የመንገድ ጠርዝ ሲሻገሩ ፖሊሱም ደንቡም ይቀየራል። ላፋዬት ፓርክ፣ ከኋይት ሐውስ አጥር ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ፣ ከኋይት ሐውስ በስተደቡብ ያለው ሜዳ (ኢሊፕስ)ና ናሽናል ሞል በናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ሥር ናቸው። የከተማው ጎዳና የዲሲ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ነው። ካፒቶል አካባቢ ደግሞ የካፒቶል ፖሊስ አለ። የእናንተ ሰልፍ ከፓርክ ተነሥቶ ጎዳና ላይ ስለሚወጣ ሁለት ባለቤት አለው። የፓርኩን ፈቃድ ብቻ ይዛችሁ ሰዉን አስፋልት ላይ ካወጣችሁ ጣጣው የሚመጣው ከሁለተኛው ነው።

በፓርክ ሰርቪስ ደንብ 25 ሰውና ከዚያ በታች መድረክ እስካልተከለ ድረስ ያለ ፈቃድ ሰልፍ ማድረግ ይችላል። 300 ሰው ስለሆናችሁ ፈቃድ ግዴታ ነው። የላፋዬት ፓርክ ጣሪያ 3,000 ሰው፣ የኋይት ሐውስ የእግረኛ መንገድ ጣሪያ ደግሞ 750 ሰው ስለሆነ በቁጥር በኩል አትቸገሩም። ማመልከቻው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መግባት አለበት፤ እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ ማስገባትም ይቻላል። ደንቡ የሰልፍ ማመልከቻ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተከለከለ እንደተፈቀደ ይቆጠራል ይላል። ይህ ጠንካራ ዋስትና ነው፤ የሚሠራላችሁ ግን ማመልከቻው የገባበትን ሰዓት የሚያሳይ ማስረጃ ሲኖራችሁ ብቻ ነው። ኢሜይሉንና የደረሰኝ መልሱን አትሙና ያዙት።

48 ሰዓት ዝቅተኛው ገደብ እንጂ ምክር አይደለም። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በፊት ብታስገቡ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቦታው ቀድሞ ላመለከተ ነው፤ ድምፅ ማጉያና መድረክ ካለ ደግሞ ዝርዝር ይጠይቋችኋል። የሚፈልጉት የአዘጋጁን ስምና አድራሻ፣ ቀኑን፣ የመጀመሪያና የማብቂያ ሰዓቱን፣ ግምታዊ ቁጥሩን፣ የምታመጡትን ዕቃ፣ እንዲሁም ሰልፉን ሊያውክ የሚችል ቡድን ይመጣል ብላችሁ የምትሰጉ እንደሆነ ነው። የመጨረሻውን በእውነት መልሱ። ተቃራኒ ወገን ይመጣል ብላችሁ ብትጽፉ ሰልፉ አይከለከልም፤ ፖሊስ ሁለቱን ለይቶ ለማቆም ይዘጋጃል። ተቃዋሚ ስለበዛባችሁ የበለጠ ክፍያ መጠየቅም አይቻልም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 በፎርሳይዝ ካውንቲ ጉዳይ ይህን ዘግቶታል።

ሌላው ነገር ተለዋጭ ቦታ ነው። ላፋዬት ፓርክ በጸጥታ ምክንያት ሳይታሰብ ሊዘጋ ይችላል። እዚያው አጠገብ ያለው ማክፈርሰን ስኩዌር በደንቡ መሠረት፣ ሌላ ቡድን እስካልያዘው ድረስ፣ ለ500 ሰው ያለ ፈቃድ ክፍት ነው። ለሰዉ በምትልኩት መልእክት ላይ ሁለቱንም ቦታ ጻፉ፤ ካልሆነ 300 ሰው በር ላይ ሲተራመስ ጠዋቱ ያልፋል።

መፈክር የሚሠሩ ልጆች ይህን ይስሙ። የኋይት ሐውስ የእግረኛ መንገድ ላይ የሚያዝ ሰሌዳ ከካርቶን፣ ከፖስተር ወረቀት ወይም ከጨርቅ ብቻ መሠራት አለበት። ስፋቱ ከ3 ጫማ፣ ርዝመቱ ከ20 ጫማ፣ ውፍረቱ ከሩብ ኢንች አይበልጥም። መያዣው እንጨት መሆን አለበት፤ የእንጨቱም ውፍረት ከሦስት ሩብ ኢንች አይለፍ። የብረት ዘንግ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ይዞ የመጣ ሰው ደንቡን ይዘው ይመልሱታል። መሐል ላይ ደግሞ ከማዕከሉ በግራና በቀኝ 10 ያርድ፣ በድምሩ 20 ያርድ የሚሆን ቦታ አለ፤ ሁሉም ፎቶ ሊነሣበት የሚፈልገው ቦታ። እዚያ ላይ መፈክር ይዞ ማለፍ ይቻላል፣ መቆም አይቻልም። ሰዉ ይህን አያውቅም፤ ፎቶ አንሺው «እስቲ ቁሙ» ይላል፤ ሲቆሙ ነው ትእዛዝ የሚመጣው። አንድ ሥነ ሥርዓት አስከባሪ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ መድቡ፤ ሥራው «እየተራመዳችሁ» ማለት ይሁን።

ቲሸርት አትሽጡ። በፓርኩ መሬት ላይ መሸጥ የተፈቀደው መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ በራሪ ጽሑፍ፣ የደረት ቁልፍና የመኪና ስቲከር ነው፤ ቲሸርት አይገባበትም። በነፃ ማደል ትችላላችሁ። ሣጥን ይዞ ገንዘብ መጠየቅም የሚቻለው በሰልፉ ፈቃድ ውስጥ ሲካተት ነው፤ ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ጻፉት። የገንዘቡ ትልቁ ችግር ግን ይህ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ወደ ስቴት ዲፓርትመንት የሚደረገው ጉዞ በሁለት መንገድ ሊሆን ይችላል። በ2004 በወጣው የዲሲ ሕግ መሠረት በእግረኛ መንገድና በማቋረጫ ብቻ፣ መብራት አክብሮ፣ ሌላውን እግረኛ ሳይዘጋ የሚሄድ ሰልፍ ለፖሊስ ማሳወቅ አይጠበቅበትም። ከ50 ሰው በታች ሆኖ አስፋልት ላይ የማይወጣም አይጠበቅበትም፤ ለድንገተኛ ክስተት ወዲያው የወጣ ሰልፍም እንዲሁ። አስፋልት ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ ግን ማሳወቂያና ዕቅድ ለሜትሮፖሊታን ፖሊስ ታስገባላችሁ። በእኔ አስተያየት ለ300 ሰው አስፋልቱ ይሻላል። ሒሳቡን እዩት፤ 300 ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ በአንድ ሜትር ርቀት ቢሄድ 150 ሜትር ነው። የእግረኛ መብራቱ ሰልፉን ሦስት አራት ቦታ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ወገን ፊተኛውን ለመድረስ በቀይ ይሮጣል፤ ፖሊስ የሚቀጣው ያንን ነው። የእግረኛ መንገዱን ከመረጣችሁ በ50፣ በ50 ሰው ከፋፍሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት አስከባሪ፣ ከፊትና ከኋላ፣ ሰደርያ ለብሰው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም መናገር የሚችል አንድ ሰው ከፖሊስ አዛዡ ጋር ብቻ ይነጋገር፤ አምስት ሰው ሲናገር ትእዛዙ ይምታታል።

የኤምባሲው ነገር ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ኢንተርናሽናል ድራይቭ ላይ ነው፤ ጥበቃው በአብዛኛው የሲክሬት ሰርቪስ ዩኒፎርም ለባሾች ነው። ድሮ ከኤምባሲ 500 ጫማ ርቀት ውስጥ ያንን መንግሥት የሚያዋርድ መፈክር መያዝ ወንጀል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 «ቡስ እና ባሪ» በተባለው ጉዳይ ያንን ክፍል ሻረው። መበተንን የሚፈቅደውን ክፍል ግን አልሻረም፤ ፖሊስ የኤምባሲው ጸጥታ አደጋ ላይ ነው ብሎ በምክንያት ሲያምን ሊበትን ይችላል። ስለዚህ እዚያ ቆሞ መንግሥትን መንቀፍ ይቻላል፤ አጥሩን መንካት፣ በሩን መዝጋት፣ ገቢ ወጪውን ማስፈራራት አይቻልም። በሴፕቴምበር 2014 የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰልፈኞች ግቢው ውስጥ ገብተው ግርግር ሲነሣ አንድ የኤምባሲው ሰው ሽጉጥ ተኮሰ። ሰው አልተጎዳም፤ ተኳሹም የዲፕሎማት ከለላው ስላልተነሣ ለፍርድ ሳይቀርብ አገሩን ለቀቀ። ግቢው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ግን ክርክሩ ራሱ ውድ ነው። በዚያ ቀን የግቢውን ወሰን በዓይን የሚጠብቅ አስከባሪ ያስፈልጋችኋል፤ ባንዲራ ለማውረድ የሚሮጥ ወጣት ከመጣ ፖሊስ ሳይቀድማችሁ ያዙት።

ፊትን ስለመሸፈንም አንድ ነገር ልበል። አገር ቤት ላለ ቤተሰብ ሰግቶ ማስክ የሚያደርግ ሰው አለ፤ ሊፈረድበት አይገባም። ዲሲ ውስጥ ወንጀል የሚሆነው ለማስፈራራት ወይም ሕግ ለመጣስ ታስቦ ሲሆን ነው። ወንዙን ተሻግሮ አርሊንግተን ወይም አሌክሳንድሪያ ላይ ግን ሌላ ሕግ ነው፤ ቨርጂኒያ ዕድሜው 16 ያለፈ ሰው ማንነቱን ለመደበቅ ብሎ በአደባባይ ጭምብል ቢያደርግ በከባድ ወንጀል ትከሳለች። የሕክምና ምክንያትና የመሳሰሉት ብቻ ይታለፋሉ።

ወደ ንግግሩ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ ጥላቻ አዘል ንግግር በራሱ ወንጀል አይደለም። መንግሥትን መስደብ፣ ባንዲራ ማቃጠል፣ መሪን አምባገነን ማለት የተጠበቀ ነው። ያልተጠበቀው ወዲያውኑ ዐመፅ እንዲነሣ ታስቦ የሚነገርና ዐመፁንም ሊያስነሣ የሚችል ቅስቀሳ ነው፤ የ1969ኙ የብራንደንበርግ ውሳኔ መለኪያው ይኸው ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ዛቻ ነው። በ2023 በካውንተርማን ጉዳይ እንደተወሰነው ተናጋሪው ንግግሩ እንደ ዛቻ ሊወሰድ እንደሚችል እያወቀ በግድየለሽነት ከተናገረው ይበቃል።

እዚህ ላይ የራሳችን ቋንቋ ያመጣው ጣጣ አለ። «ደማችሁን እንመልሳለን»፣ «አንገቱን ነው የምንቀላው»፣ «እሳት እናዘንብባቸዋለን» በአማርኛ ፉከራ ነው፤ ቀረርቶ ያደመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ተተርጉሞ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ግን ፉከራነቱ ይቀራል፤ ቃሉ ብቻውን ይቆማል። በተለይ የሰው ስም፣ ሰፈር ወይም ብሔር አብሮ ከተጠራ። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ለዓመታት ይኖራል፤ የዜግነት ወይም የአሳይለም ኢንተርቪው ላይ ሊነሣ ይችላል። ተናጋሪዎቹ ጽሑፋቸውን ቀድመው እንዲሰጡ፣ መፈክሮቹም በእንግሊዝኛ ተተርጉመው እንዲነበቡ አድርጉ። በእንግሊዝኛ ሲነበብ የሚያስደነግጥ ከሆነ ይቀየር። አንድን የታወቀ ግለሰብ በስሙ «ነፍሰ ገዳይ» ማለት ደግሞ ማስረጃ ከሌለ በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤ ባለሥልጣን ከሆነ ለከሳሹ ይከብደዋል፣ ተራ ሰው ከሆነ ግን ይቀለዋል።

ታዲያ ግሪን ካርድዎ? እውነቱን ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። በወንጀል በኩል ከዜጋ ጋር እኩል ይጠበቃሉ። በኢሚግሬሽን በኩል ግን ጥበቃው የሳሳ ነው። በ1952 በሃሪሲያደስ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በፓርቲ አባልነት ምክንያት ማባረርን ፈቅዷል። በ1999 ደግሞ ለመባረር በቂ ምክንያት ያለበት ሰው «በፖለቲካ አመለካከቴ ተመርጬ ነው» ብሎ መከላከል በጥቅሉ እንደማይችል ተወስኗል። በማርች 2025 ኒው ዮርክ ውስጥ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰልፎች መሪ የነበረ የግሪን ካርድ ባለቤት የተያዘው በወንጀል ሳይሆን፣ መኖሩ የአሜሪካን የውጭ ፖሊሲ ይጎዳል በሚል አንቀጽ ነበር፤ ከሦስት ወር እስር በኋላ በፌዴራል ዳኛ ትእዛዝ ተፈታ። ያ አንቀጽ አሁንም ሕጉ ውስጥ አለ።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት «ዝም በሉ» የሚል አይደለም። መንግሥት ሌላ ምክንያት እንዳያገኝ አድርጎ መናገር ነው። የቆየ ክስ፣ ያልተዘጋ የሰከረ አሽከርካሪ መዝገብ፣ ማመልከቻ ላይ የተሳሳተ መልስ ያለበት ሰው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ፋይሉን ይዞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ይሂድ። ንጹሕ መዝገብ ያለው የግሪን ካርድ ባለቤት በሰላማዊ ሰልፍ ላይ ቢናገር አደጋው ዝቅተኛ ነው እላለሁ፤ ዜሮ ነው አልልም። ዜግነት ያለው አባል ካላችሁ የፈቃዱ ፈራሚ እሱ ይሁን። አሳይለም የሚጠብቁት ሁለቱ ደግሞ ሰልፍ መገኘታቸው ኬዛቸውን ሊደግፍ ይችላል፤ እዚህ ያደረጉት የፖለቲካ ተሳትፎ ቢመለሱ ለሚደርስባቸው አደጋ ማስረጃ ነው። ቀን ያለበት ፎቶ ያስቀምጡ፤ ለጠበቃቸው ይስጡ። ፌስቡካቸው ላይ ያለው ታሪክ ማመልከቻቸው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም ያረጋግጡ።

እስርን በሚመለከት፦ በዲሲ ሕግ ፖሊስ ሰላማዊ ሰልፍ ከመበተኑ በፊት የሚሰማ ትእዛዝ መስጠት፣ በቂ ጊዜና ግልጽ የመውጫ መንገድ ማሳየት አለበት፤ ስሙና ቁጥሩም መታየት አለበት። ትእዛዙ ትክክል ባይሆንም እዚያው አትከራከሩ፤ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ሰዓቱን ጻፉ፣ ውጡ። ክርክሩ በኋላ ፍርድ ቤት ነው። መንገድ ዘግቶ «ተነሥ» ሲባል አለመነሣት እስከ 90 ቀን የሚያሳስር ወንጀል ነው። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ክስ ዲሲ ውስጥ አነስተኛ ገንዘብ አስይዞ፣ ገንዘቡን ትቶ መውጣት ይቻላል፤ ጥፋተኛ ነኝ ማለት አይደለም፣ ጉዳዩም ይዘጋል። ለዜጋ ጥሩ መውጫ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ግን ጠበቃ ሳያናግር አይፈርም፤ የዜግነት ማመልከቻው «ታስረህ ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ «አዎ» ነው፣ ወረቀቱም መቅረብ አለበት። ከኦገስት 2025 ወዲህ ደግሞ ዲሲ ጎዳና ላይ የፌዴራል ወኪሎች ከከተማው ፖሊስ ጎን ተሰማርተው ታይተዋል፤ ድሮ በሁለት ሰዓት የሚያልቅ እስር ወደ ኢሚግሬሽን ሊዞር ይችላል። ግሪን ካርዱን መያዝ ሕጋዊ ግዴታ ስለሆነ ይዘው ይውጡ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቤት ይቅር። የጠበቃ ስልክ ክንድ ላይ በእስክርቢቶ ይጻፍ፤ ስልክ መጀመሪያ የሚወሰድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘብ ማሰባሰቢያው ሣጥን። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ሁለት ሰውና ከዚያ በላይ ሆኖ መሣሪያ አንሥቶ የሚዋጋ ቡድን፣ መንግሥት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ስሙ ባይኖርም፣ እንደ ሽብርተኛ ድርጅት ሊቆጠር ይችላል። ጠበቆች «ቲር ስሪ» የሚሉት ይህ ነው። ቡድኑ ለትክክለኛ ዓላማ ይዋጋል ወይስ አይዋጋም ብሎ ሕጉ አይጠይቅም። መጠኑንም አይጠይቅም፤ በ2018 የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ለሽምቅ ተዋጊዎች ተገድዳ ያበሰለችና ያጠበች ሴት «ድጋፍ ሰጥታለች» ብሎ ወስኗል። 20 ዶላር ሣጥን ውስጥ የጣለ አሳይለም ጠያቂ ኬዙ በዚያ ሊወድቅ ይችላል፤ «አላወቅሁም» ማለት የሚሠራው አለማወቁን በጠንካራ ማስረጃ ሲያሳይ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ላይ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ በትልቁ ይጻፍ፤ «ለተፈናቃዮች እርዳታ፣ እገሌ በተባለ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል»። «ለትግሉ» የሚል ሣጥን ከመጣ ከሰልፉ ይውጣ። ማን ይዞት እንደመጣ ካልታወቀ ደግሞ ጭራሽ አይዙር።

ኮሚቴው አገር ቤት ካለ ፓርቲ ወይም ከመንግሥት መመሪያ የሚቀበል፣ በእነሱ ጥያቄ የሚሠራ ከሆነ ሌላ ሕግ ይመጣል። በ1938 የወጣው የውጭ ወኪሎች ምዝገባ ሕግ «የውጭ ፖለቲካ ፓርቲ»ንም ይጨምራል፤ ወኪል የሆነ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ፍትሕ ሚኒስቴር ዘንድ መመዝገብ አለበት። በራሳችሁ እምነት፣ በራሳችሁ ገንዘብ የምትሠሩ ከሆነ አይመለከታችሁም። ግን ከፓርቲ የመጣ «በዚህ ቀን ሰልፍ ጥሩ» የሚል ደብዳቤ በቴሌግራም እየተዘዋወረ ከሆነ ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩ።

ካህኑ ሰልፉን ማስተዋወቅ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰላም፣ ስለ እስረኛ፣ ስለ ተፈናቃይ መናገር፣ ምእመኑንም ለሰልፍ መጥራት አይከለከልም። በ1954 የገባው የጆንሰን ማሻሻያ የሚከለክለው፣ ከግብር ነፃ የሆነ ድርጅት ለምርጫ የቀረበን ዕጩ መደገፍ ወይም መቃወምን ነው። ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ1992 ምርጫ ጋዜጣ ላይ ዕጩ ክሊንተንን የሚቃወም ማስታወቂያ አውጥቶ ከግብር ነፃነቱን ተነጥቋል፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2000 አጽንቶታል። የእናንተ አደጋ ያለው የዋሽንግተን ሰልፍ ከአሜሪካ ምርጫ ጋር ሲገጥም ነው፤ ከተናጋሪዎቹ አንዱ «ለእገሌ ድምፅ ስጡ» ካለና የሰልፉ ወረቀት የደብሩ ማኅተም ካለበት ደብሩ ይጠየቃል። ጥሪው በኮሚቴው ስም ይውጣ፤ ካህኑ ያንብቡት፤ የአውቶቡሱን ኪራይ ኮሚቴው ይክፈል።

የፖለቲካ ተሳትፎን ስላነሣን፦ የግሪን ካርድ ባለቤት ለአሜሪካ ዕጩ ገንዘብ መስጠት ይችላል፤ የሥራ ፈቃድ ብቻ ያለው፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ላይ ያለው፣ አሳይለም የሚጠብቀው አይችልም። ያለ ክፍያ በበጎ ፈቃድ መሥራት ለሁሉም ይፈቀዳል። ድምፅ መስጠት ግን ዜግነት እስኪመጣ አይነካ። ወጥመዱ ያለው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ (ዲኤምቪ) ነው። መንጃ ፈቃድ ሲያድሱ ማሽኑ «ለመምረጥ መመዝገብ ይፈልጋሉ? የአሜሪካ ዜጋ ነዎት?» ይላል፤ ሰው ቸኩሎ ሁለቱንም «አዎ» ይነካል። ይህ ዜጋ ነኝ ብሎ መዋሸት ተብሎ ከተያዘ፣ ለአብዛኛው ሰው ይቅርታ የሌለው ዕገዳ ነው። ዲሲና እንደ ታኮማ ፓርክ ያሉ ከተሞች ለአካባቢ ምርጫ ዜጋ ላልሆኑ ነዋሪዎች ፈቅደዋል፤ መዝገቡ ግን የተለየ ነው፣ የዲሲው ሕግ ደግሞ ኮንግረስ ውስጥ ሊሻር በተደጋጋሚ ድምፅ የተሰጠበት ነው። ጠበቃ ሳይጠይቁ አይመዝገቡ።

ሁለቱ አሳይለም ጠባቂዎች ከሁሉም ያነሰ አደጋ ያለውን ሥራ ይውሰዱ፤ የኮንግረስ ተወካያቸውን ቢሮ ደብዳቤና ቀጠሮ። አቤቱታ ማቅረብ የመጀመሪያው ማሻሻያ ውስጥ ከሰልፉ ጎን የተጻፈ መብት ነው፤ የቢሮው ሠራተኞች የሚጠይቁት ዚፕ ኮድ እንጂ ፓስፖርት አይደለም። በኤፕሪል 2018 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ያጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 128 ከዚህ ዓይነት ደብዳቤና ጉብኝት ብዙ ያተረፈ ነበር። አንድ ገጽ ይበቃል፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑረው፣ ከተወካዩ የምትፈልጉትን ድርጊት በስሙ ይጥራ፣ የሰልፉንም ቀንና ሰዓት ይናገር። ሰልፉ ቅዳሜ ከሆነ ደብዳቤው ሰኞ ቢሮው መድረስ አለበት፤ ቅዳሜ ቢሮው ዝግ ነው።